የረታ ክራቫት

ባሌ ረታ ሥራ የለውም። ናይሮቢ የመጣነው መሥሪያ ቤቴ ጊጊሪ ወዳለው ቢሮው ስላዛወረኝ ነው፤ በእኔ በኩል በተሰጠው መኖሪያ ፈቃድ ደግሞ እሱ መቀጠር አይችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጃችንን ሉሊትን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት፣ ወጡንም የሚሠራው እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ ይልቅ የእሱ እጅ ይጣፍጣል። አንድም ቀን አጉረምርሞ አያውቅም ነበር፣ አባቱ አባባ ሀብተወልድ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን እስኪመጡ ድረስ።

እሳቸው ከመጡ ወዲህ ረታ ጠዋት ጠዋት ክራቫት አስሮ፣ ምሳ አስቋጥሮ ከእኔ ጋር ይወጣል። እኔ ቢሮ እገባለሁ፤ እሱ በማታቱ ታክሲ ኢስትሊ ሰፈር ሄዶ ሻይ ቤት ተጎልቶ ይውላል። ምሳውን የምቋጥረው እኔ! ትምህርት ቤቱ ከወላጅ በቀር ለማንም ስለማይሰጣት፣ በየቀኑ ከቢሮ ወጥቼ ሉሊት ዘንድ የምሮጠውም እኔ! በሦስት ሳምንት አራት ጊዜ ስብሰባ አቋርጬ ወጥቻለሁ። ባለፈው አርብ አለቃዬ ጠርታኝ፣ የውሌ ነገር ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚወሰን፣ ያን ቀንም አቋርጬ ብወጣ እንዳልመለስ ነገረችኝ። ሉሊት የምትለቀቀውም ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰውዬው ደመወዝ ያለው ለመምሰል ያለችንን አንዲት ደመወዝ ሊያሳጣን ነው!

ረቡዕ እራት ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ረታ፣ ነገ ሉሊትን አንተ አምጣት» አልኩት።

«ሥራ አለኝ እኮ» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

«ፈቃድ ጠይቃ!»

«አለቃዬ አስቸጋሪ ነው።»

አባባ እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ። «አለቃህማ ይችው ፊትህ ተቀምጣለች» አሉት። «ጠይቃት።»

ረታ ቀና ብሎ አባቱን አየ።

«ገና በመጣሁ ሰሞን ነው የነቃሁብህ» አሉ። «ፋብሪካችን የተዘጋ ጊዜ እኔም ስምንት ወር ክራቫት አስሬ እየወጣሁ መናፈሻ ውያለሁ። አንተ ልጅ ነበርክ። እናትህ ጠላ እየሸጠች አበላችን፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ምሳዬን ቋጥራ ትሸኘኝ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላለች። እኔም አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኳት። አሁን ላመስግናት ብል የት አገኛታለሁ?»

ረታ እራት ላይ እንኳ ያላወለቀውን ክራቫት ቀስ ብሎ ፈታ።

«እሺ» አለኝ። «ነገ ፈቃድ ስጪኝ።»

«ፈቃድ የለም» አልኩት። «ከሥራህ ከቀረህ ሦስት ሳምንት ሆነህ። ነገ ግባ።»