ሽማግሌ ያልዘጋው ፋይል

«ማሚ፣ ትእዛዙ ደርሶኛል ማለት አለብሽ፤ ፈርመሻላ!» አለች ሐሊና፣ የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ የእናቷን ሻርፕ እያስተካከለች።

ሙሉሸዋ ፈርማለች። ከሸሪኳ ከይገዙ ጋር በስደት ከተማቸው ሁርሊንግሃም ሰፈር የከፈቱት ምግብ ቤት በጠብ ሲዘጋ፣ ክሱ እስኪያልቅ አንድም ዕቃ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ዳኛዋ አዝዘው ነበር። ከዚያ ግን ታረቁ። ጋሽ በኃይሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ሁለቱን አሳሳሙና «ፍሪጁ የሷ ነው፤ ትውሰድ» አሉ። ይገዙም «አሜን» አለ። እሷም በጠራራ ፀሐይ ፍሪጁን በፒክአፕ ጭና ካሳራኒ ሰፈር ቤቷ አስገባች። ሽማግሌ የጨረሰውን ነገር ዳኛ ይቀጥለዋል ብላ በሕልሟም አላሰበችም። ይገዙ ግን በወሩ ልቡ ዞረና ሄዶ የዳኛ ትእዛዝ ጥሳለች ብሎ ከሰሳት። ይብላኝ ለአሜኑ!

ጠበቃዋ በእንግሊዝኛ ፈጠን ፈጠን ብላ ተናገረች፤ ሐሊና ተረጎመች።

«ኦርደሩን የሚያነሳው ዳኛ ብቻ ነው፣ ሽማግሌ አይደለም ትላለች። ይሄ ችሎት መድፈር ነው። እስከ ሲክስ መንዝስ ጄል አለው።»

«ማንን ደፈርኩ? እኔ ዳኛዋን ቀና ብዬ እንኳን አላየሁ!»

«ጋሽ በኃይሉ መጥተው ከመሰከሩ ግን ይቅርታ ጠይቀሽ ትሄጃለሽ ነው የምትለው። ልደውልላቸው?»

«ተይ፣ አትደውይ።»

የጋሽ በኃይሉ የስደተኛ ወረቀት ጊዜው ካለፈበት ሁለት ዓመቱ ነው። ፖሊስ አንዴ ካስቆማቸው ወዲህ ከቤትና ከጸሎት ውጪ የትም አይሄዱም። እዚህ ደግሞ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። ይህን የነገሯት አልቅሰው ነው፤ ለማንም እንዳትናገርም አደራ ብለዋታል።

ስሟ ተጠራ። አስተርጓሚ ስላልነበረ ሐሊና አጠገቧ እንድትቆም ተፈቀደ።

ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ዕቃውን ውሰጂ ያለሽ ሰው አለ ወይ? ስሙን ተናገሪ እያሉሽ ነው» አለች ሐሊና። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማሚ ፕሊዝ፣ ንገሪያቸው።»

ሙሉሸዋ ወደ ይገዙ ዞረች። መሬት መሬት ያያል።

«ማንም የለም በያቸው። በራሴ ነው የወሰድኩት።»

ሐሊና ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በመተርጎም ፈንታ የእናቷን ክንድ ያዘች። ሙሉሸዋ ከቦርሳዋ የካሳራኒውን ቤት ቁልፍ አውጥታ የልጇ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ተርጉሚ» አለቻት።