ያወራችው ዛፍ

ዛፍ አያወራም ብያታለሁ፣ ሦስት ወር ሙሉ በየልምምዱ፣ ክንድሽን ዘርግተሽ ቁሚ በቃ፣ ትንፍሽ እንዳትይ፣ እና አሁን፣ የሦስተኛ ክፍል ተረት በድራማ በሚታይበት ቀን፣ ወላጅ አዳራሹን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ አንበሳዋ፣ የዳይሬክተሩ ልጅ፣ ቃሉ ጠፍቷት አፏን ከፍታ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ፣ ዛፏ ታወራለች።

የሚያስጮኸኝ ረሃብ አይደለም፣ ብቻዬን መሆኔ ነው ትላለች። ጥርት አድርጋ። ተተ። ልጆቹ ተተ ነው የሚሏት፣ ተብታባ ናታ፣ ስሟን ለማለት እንኳ የክፍለ ጊዜውን ሩብ ትበላለች፣ አንድ ቀን እኔም አምልጦኝ ተተ ብዬ ጠራኋት፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ፣ ያስቃል።

አሁን አንድም ቦታ አትደናቀፍም። ከካርቶን ቅጠሎቿ ውስጥ የአንበሳዋን ቃል ሙሉውን ትወጣዋለች፣ ሰው ብድግ ብሎ ያጨበጭባል፣ የዳይሬክተሩ ልጅ ታለቅሳለች። አውቅ ነበር እኮ። በእረፍት ሰዓት ለባዶ ወንበሮች ስትተውን በበሩ ስንጥቅ አይቻታለሁ፣ ሌላ ሰው ስትሆን ምላሷ ይፈታል፣ አየሁና በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት፣ አንበሳነቱ ኮንትራቴን ለሚያድስልኝ ሰው ልጅ ተሰጥቷላ።

ዳይሬክተሩ መጋረጃው ጀርባ ይመጣል፣ የልጁን እጅ ይዞ። ማናት ያቺ ቅጠል፣ ልጄን መሳቂያ ያደረገቻት? የጽዳቷ ልጅ ናት ጌታዬ፣ አሁን ይስተካከላል፣ ድምፄ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ቅቤ።

እናቷ መጥረጊያዋን ጥላ ሮጣ ትመጣለች፣ በረኪና በበላው እጇ ክንዴን ትይዛለች፣ መምህር፣ ሰሙልኝ? ልጄ እኮ በሰው ፊት ተናገረች፣ ሰሙልኝ አይደል? ሰምቻለሁ እትዬ፣ ድራማውን አበላሸችው፣ ይቅርታ ትጠይቅ። ደስታው ፊቷ ላይ መግቢያ አጥቶ ይቆማል፣ ዳይሬክተሩን ታየዋለች፣ ደሞዟን፣ ከዚያ የልጅቷን ጀርባ ገፋ ታደርጋለች፣ ጠይቂ እንጂ እናቴ፣ ጠይቂ።

ልጅቷ ክንዷን ትዘረጋለች፣ ዛፍ ሆና ልትጠይቅ። ብልጥ። ቅጠሉን አውልቂ እላታለሁ፣ በራስሽ አፍ ነው። ገመዱን ራሴ እፈታዋለሁ፣ ካርቶኑ እግሯ ስር ይወድቃል፣ ከውስጡ የምትወጣው እንዴት ትንሽ ናት።

ይ፣ ትላለች። ይ፣ ይ።

የዳይሬክተሩ ልጅ እንባዋን ሳትጠርግ መሳቅ ትጀምራለች፣ አባትየው ፈገግ ይላል፣ እናትየው ወለሉን ታያለች፣ በቃ ማለት የኔ ነው፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ፊደል፣ ማንም አይቆጣኝም፣ የልጅቷ የአንገት ሥር ተገትሯል፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ ይ፣ ይ፣ እና እኔ እጄን አጣጥፌ፣ አትቸኩይ እላታለሁ፣ ጊዜ አለን