ከአቦ ደን የተቆረጠው መቋሚያ

ደብረ ታቦርን ብዙ መንገደኛ የሚያውቃት በምሳ ሰዓት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ወልድያ የሚያልፈው ሚኒባስ ይቆማል፤ ተሳፋሪው በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ተሻምቶ ይገባል። አለቀ፣ ሄደ። ይኼ ነገር የከተማዋን ልጅ ፋሲልን ያንገበግበው ነበር። "ጎንደር ግንብ አላት፣ ላሊበላ ውቅር አላት፣ እናንተ ምን አላችሁ?" የሚለውን ሁሉ ሳይታክት ይሟገተዋል። ወንዛዬ ፍል ውሃ ታጥበህ ታውቃለህ? የጣራ ገዳምን ደን ገብተህበታል? የጉና በግ ጠጉር ባና ለብሰህ አድረሃል? እንዲህ ሲሟገት ኖሮ ኖሮ በመጨረሻ ራሱ አስጎብኚ ሆኖ አረፈው።

በግንቦት ወር ከባሕር ዳር የእናቶች ጽዋ ማኅበር አገኘ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው የመጡ ናቸው። ከመካከላቸው ጥያቄ የሚያበዙት ወይዘሮ ሠናይት ነበሩ። ባለቤታቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ ከአልጋ ከዋሉ ከርመዋል።

"እኔ ለመዝናናት አልመጣሁም ልጄ" አሉት ገና መኪናው ውስጥ። "የምረግጠውን መሬት ሁሉ ለእሱ ብዬ ነው የምረግጠው።"

ወንዛዬ ላይ ከፍል ውሃው ቀዱ። ጣራ ገዳም ላይ ደኑ ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው ተሳለሙ። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ሸማኔው ይማም ባና ዘርግቶ አሳያቸው። ሠናይት ዳሰስ አድርገው "ይኮሰኩሳል" ቢሉ፣ ይማም ፈገግ አለ።

"እንደ ባል ነው እናቴ። መጀመሪያ ይኮሰኩሳል፣ ሲቆይ ይሞቃል።"

እናቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሠናይትም ሳቁ፣ ሳቁና "የእኔስ በረደብኝ" ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

መጨረሻ የደረሱት ከከተማው ወጣ ብሎ ወይራ አምባ አቦ ከሚባለው ደብር ሥር፣ ከእንጨት ጠራቢው ከአያሌው ቤት ነው። አያሌው መቋሚያ ይሠራሉ፤ በአካባቢው ደብሮች ማኅሌት የሚቆም ሁሉ የሚደገፈው የእሳቸውን እጅ ሥራ ነው። የዚያን ቀን ልቅሶ ሄደው ስለነበር ሚስታቸው ፈንታነሽ እንግዶቹን አስገብተው፣ መቋሚያዎቹን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ውሃ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሠናይት አንዱን አነሡ። አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት፣ ደግሞ አነሡት።

"እንጨቱ ከየት ነው?" ብለው ፋሲልን ጠየቁት።

ፋሲል አያውቅም። ስንት እንግዳ እዚያ ቤት ሲያመጣ ጠይቆ አያውቅም። በበሩ ቀና ሲል ግን ከቤቱ በላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ጥቁር ሆኖ ይታያል። የሴትዮዋም እጅ እንጨቱን ልልቀቀው አልልቀቀው እያለ ነው።

"ከዚያ ነው" አለ። "ከአቦ ደን። አባቶች ፈቅደውላቸው፣ ከወደቀው ወይራ የተጠረበ ነው። በረከት አለው።"

ከአፉ እንደወጣ ነገሩ ለራሱም ጣመው። እዚያው አገር ክርስትና የተነሣ ሰው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ደን እንኳን ግንድ ደረቅ ጭራሮ እንደማይወጣ ያውቃል። ቢሆንም ማን ይሰማል ብሎ ነው። ሠናይት መቋሚያውን ሳሙት፤ ግንባራቸውንም አስነኩት። ፈንታነሽ ውሃውን ይዘው ሲመለሱ ወሬው ሌላ ሆኖ ነበር፤ ሠናይትም ዋጋውን ከፍለው መቋሚያውን ይዘው ሄዱ።

በዚያው ክረምት ከደኑ ጫፍ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ አንድ ትልቅ ወይራ ተቆርጦ ተገኘ። ማን እንደቆረጠው አልታወቀም። የደብሩ አለቃ መምሬ ዘለቀ የቆረጠውንም፣ ሲቆረጥ አይቶ የደበቀውንም ገዘቱ። ፋሲል ይህን ገበያ ውስጥ ሰምቶ "አይ የዘመኑ ሰው!" ብሎ አለፈ። ከራሱ ምላስ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልመሰለውም።

ጥቅምት ሲገባ ሠናይት ደወሉለት።

"ፋሲል፣ ሰውዬው ቆመ! በአቦ ዕለት ውሰደኝ፤ ሄጄ ማመስገን አለብኝ።"

መንገዱን ሙሉ ሲነግሩት ሄዱ። መቋሚያውን ከአልጋው ራስጌ አቁመው "ከአቦ ደን የተቆረጠ ነው" ሲሏቸው፣ ጣታቸውን ማንቀሳቀስ ያስጠላቸው የነበረው ሰው ጨበጡት። ከዚያ ተደግፈውት ቁጭ አሉ፤ ከዚያ እስከ በር፤ አሁን ቤተ ክርስቲያን እየተደገፉበት ይስማሉ። ዛሬም "ቶሎ መልሽልኝ" ብለው ነው ያዋሷቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ፋሲል። ከልቡ ነበር። ቀጥሎ ግን እንደ እሾህ ያለ ነገር ወጋውና በመስኮቱ ወደ ጤፉ ማሳ ዞረ።

ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ቅጥር ግቢው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ሠናይት ፋሲልን ሳያማክሩ ተነሡ። መቋሚያውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ስለ ባለቤታቸው መሰከሩ። ሴቶች እልል አሉ።

"እናም አባቶቼ፣ ይህን በትር ስለፈቀዳችሁልን እግራችሁን ልስም ነው የመጣሁ።"

መምሬ ዘለቀ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ምኑን ነው የፈቀድነው ልጄ?"

"ጋሽ አያሌው ከደናችሁ ወይራ እንዲጠርቡ ነዋ።"

እልልታው ቆመ፤ ሁሉም በክረምት የተቆረጠውን ወይራ አሰበ፣ መቋሚያው መቼ እንደተገዛ ግን የጠየቀ የለም። ደብተራዎቹ የያዙትን መቋሚያ እያገላበጡ አዩት፤ ሁሉም የአያሌው ሥራ ነው። አያሌው ከቅጥሩ ሥር ከተቀመጡበት ተነሡ።

"አባቴ፣ እኔ ከዚህ ደን ቅጠል አልወሰድሁም። ያ እንጨት ከጎረቤታችን ከማሬ ጓሮ ነው፤ ነፍሷን ይማርና።"

"ሙት ለምስክር ትጠራለህ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ድመት ወተት ሥር ተኝታ፣ ደግሞ ጾመኛ ነኝ ትበል!" አለ ሌላው። ጥቂቶች ሳቁ።

መምሬ ዘለቀ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸውና ወደ ፋሲል ዞሩ። "እኒህን እናት ያመጣህ አንተ ነህ። ይህን ከማን ሰማህ?"

እዚያ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ፋሲል ሠናይትን አየ፤ መቋሚያውን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

"ሲባል ሰምቼ ነው አባቴ።"

"ከማን?"

"ከዚያው... ከቤታቸው።"

አያሌው ዞረው አዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የሚያውቁት ሰው ስሙ እንደጠፋባቸው ሆነው ነው ያዩት።

ነገሩ እስኪጣራ አያሌው ከደጀ ሰላሙ እንዳያልፉ፣ ሥጋ ወደሙም እንዳይቀበሉ ተባለ። አያሌውና ፈንታነሽ በቁርባን የተጋቡ ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አጉድለው አያውቁም።

ሲመለሱ ሠናይት መኪናው ውስጥ "ልጄ፣ ጥፋት አጠፋሁ እንዴ?" ብለው ጠየቁት።

"ኧረ የለም እትዬ፣ እርስዎ ምን ያጠፋሉ" አለ። ያን ቀን የተናገረው እውነት ይኸው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጸሎቱ እምቢ አለው። "በደላችንን ይቅር በለን" ላይ ሲደርስ ያቆማል። ዘልሎ እንዳያልፈው አቡነ ዘበሰማያት አይዘለል። ሥራም አስጠላው፤ ስልኩ ሲጠራ እያየ ዝም ይለዋል። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ወደ አያሌው ቤት ወረደ። ፈንታነሽ ከበሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

"ና ግባ! ከዚያው ከቤታቸው የሰማህ!" አሉት። "ማን ነው የነገረህ? እኔ ነኝ ወይስ ዶሮዬ?"

አያሌው ከግቢው ውስጥ መቋሚያ አግድመው በጠርሙስ ስባሪ እየፋቁ ነበር። ፋሲል ከፍቅፋቂው ላይ ተንበረከከ። ሁሉንም ነገራቸው፤ የሴትዮዋን እጅ፣ ደኑን በበር ማየቱን፣ ምላሱን፣ ያን ቀን በሕዝብ ፊት የጨመረውን። አያሌው መፋቃቸውን አላቆሙም።

"ይህን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?" አሉ። "እኔማ እንዳልቆረጥሁ አውቃለሁ።"

"ጋሼ፣ አንቱ ይቅር ካሉኝ..."

"እኔ ይቅር ብልህ ደጀ ሰላሙን ያስከፍትልኛል? ሂድ፣ ለማያውቁት ንገር።"

ፋሲል አንገቱን ደፋ። "እትዬ ሠናይት አሉ። ባለቤታቸው በዚያ እንጨት አምነው ነው የተነሡ። እውነቱን ስናገር እሳቸው..."

"እሱን ደግሞ ያኔ ብታስበው ደግ ነበር" አሉ ፈንታነሽ።

ማታውን ለሠናይት ደወለ። ነገ በቤተ ክርስቲያን እንደሚናገር፣ ከዚያ በፊት ግን ከእሱ አፍ እንዲሰሙት ብሎ እንደሆነ ነገራቸው።

"ታዲያ ባለቤቴ በምን ቆመ?" አሉ።

"በእግዚአብሔር" አለ ፋሲል፣ ድምፁ አንሶ።

"እሱንማ አንተ አትነግረኝም። እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው።"



"ይኸው በረንዳ ላይ ቆሟል" አሉ ሠናይት ቀስ ብለው፣ እንዳይሰሟቸው። "በትሩን ይዞ ለጎረቤቱ 'የአቦ ናት' እያለ ያወራል። ምን ልበለው? ጣለው ልበለው? አልነግረውም። ከእንግዲህ እሱ 'የአቦ ናት' ባለ ቁጥር 'አዎ' የምለው እኔ ነኝ። ውሸትህን ለእኔ አወረስኸኝ ልጄ።"

ስልኩን ዘጉት።

እሑድ ፋሲል በሕዝቡ ፊት ቆመ። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናገረ። ድመትና ወተት ያለው ሰውዬ መሬት መሬት አየ። መምሬ ዘለቀ ወደ ደጀ ሰላሙ ወርደው፣ ከበሩ ውጭ ነጠላቸውን አጣፍተው በቆሙት በአያሌው ፊት ጎንበስ አሉ።

"ይቅር በለን። ሳናጣራ ፈረድን።"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበል አባቴ" አሉ አያሌው። የበሩን መቃን ተሳልመው ገቡ።

ለፋሲል ስግደት ታዘዘለት። እሱ ከዚህ የከበደ ቢያዝዙት ይወድ ነበር። ሰገደ፤ ጉልበቱ ተላጠ፤ ቀለል ይለኛል ያለው ነገር ግን አልቀለለውም። ወይራውን የቆረጠው ማን እንደሆነም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ኅዳር ላይ ሌላ የእንግዳ ቡድን መጣ። ወንዛዬን አዩ፣ ይማም ባናውን አለበሳቸው። ፋሲል የአያሌውን ቤት ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ እንግዶቹ ግን በሰው በሰው ስለ መቋሚያው ሰምተው ኖሮ "ካላየን አንሄድም" አሉ። ከአጥሩ ደጃፍ ሲደርስ እንደ ድሮው ዘው ማለቱን ተወና ቆሞ ተጣራ።

"ጋሼ፣ እንግዶች አሉ።"

"ይግቡ" አሉ አያሌው። ቀጥሎ፣ "አንተ እዚያው ሁን። እኔ እነግራቸዋለሁ።"

እንግዶቹ እየተያዩ ገቡ። ፋሲል ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የአያሌው ድምፅ በአጥሩ እንጨት መካከል ይመጣል።

"ይቺ ከማሬ ጓሮ ናት። ማሬ ሰው አታስጠጋም ነበር፤ ዛፏም እንደ እሷ ናት፣ መሮ ሰብራብኛለች። ይቺኛዋን ንፋስ ነው የጣላት፤ ባለቤቱ ለአጥር ሊያደርጋት ሲል ለምኜ ወሰድኋት።"

ሳቅ ተሰማ። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ "አባባ፣ በረከትስ አለው?"



"እሱን እኔ አላውቅም" አሉ አያሌው። "እኔ የማውቀው እንዳይሰበር አድርጌ መሥራቴን ነው። የቀረውን የሚደገፍበት ሰው ከአምላኩ ጋር ይጨርስ።"

ቆይታ ያቺ ሴት በአጥሩ በር ብቅ አለችና ፋሲልን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

"ምነው አስጎብኚያችን፣ አይገቡም እንዴ?"

"ሲጠሩኝ ነው" አላት።

"ገና አልጠራሁም" አሉ አያሌው ከውስጥ።