የምንሽሩ መርፌ

ደሳለ አባቱ በሞቱ ማግስት ጠዋት ምንሽራቸውን ታቅፎ ብልባላ እኛ ቤት መጣ። ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነው።

«አንተ አባስ፣ ይህን አላቅልኝ» አለው አባቴን።

አባቴ ብረት ቀጥቅጦ ያስተማረኝ የሰባ ዓመት ሰው ነው። ደሳለ የእኔ እኩያ ነው። «አንተ» ያለው ሊሰድበው አልነበረም፤ ቀጥቃጭን «እርስዎ» የሚል ሰው አይቶ ስለማያውቅ ነው። ይህ ከስድብ ይብሳል።

ምንሽሩ ጦርነቱ ሲመጣ በረት ውስጥ ተቀብሮ ነበር። እንዳይዝግ ብለው ቅቤ ቀብተውታል፤ ያውም ቅመምና ጨው የገባበት የወጥ ቅቤ። ቅቤው እንደ ሙጫ ደርቆ፣ ጨው ብረቱን በልቶ፣ ማቀባበያው ንቅንቅ አይልም።

«ሽንኩርት ብቻ ነው የቀረው» አለ አባቴ አሽትቶት።

ደሳለ አልሳቀም። «ሳይተኮስላቸው ከተቀበሩ ሰው ምን ይለናል?»

«ይተኮስላቸዋል። እኔም ለቅሶው ላይ ከሰው ጋር ልቁም። ሌላ ዋጋ አልፈልግም» አለው አባቴ።

አገሩ ቀጥቃጮች ቡዳ ናቸው እያለ የወናፋችንን ቆዳ አይነካም። የደሳለ አባት ገብረ ሊባኖስ ግን በየገበያው ቀን መጥተው፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጠው፣ በገዛ እጃቸው ወናፍ ይነፉ ነበር።

«ማን ይከለክልሃል» አለ ደሳለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

አባቴ በአፈሙዙ ሽቦ ሰዶ ጥይት እንዳልቀረበት አረጋገጠ። ነጭ ጋዝ አፈሰሰበትና ጠበቀ። መዶሻ አላነሳም፤ በወይራ ቁራጭ ቀስ እያለ መታ መታ ሲያደርገው ማቀባበያው ጥርሱን እንደነከሰ ሰው አቃስቶ ተላቀቀ። ፈታታው፣ በአመድ ፈተገው፣ ዘይት ቀባው። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ግን ክፉኛ ስለተበላ ጋዝ ውስጥ ተወው።

«አንተ ቅደም። መርፌውን ሰአዳ ትይዘዋለች፤ እዚያ እገጥመዋለሁ» አለው ወደ እኔ እያመለከተ።

ለቅሶው ግቢ ስንደርስ የሟች ወንድም የኔሰው በሩ ላይ እጁን ዘረጋ።

«አባስ፣ ሬሳው ገና አልወጣም። ከቅንጭቡ አጥር ወዲያ ቁም፤ ሕፃናት አሉ።»

«ደሳለ ፈቅዶልኛል።»

ደሳለ ከአጎቱ ጀርባ ነበር። «መርፌውን ብቻ ስጡን» አለ።

አባቴ መዳፉን ወደ እኔ ዘረጋ። «ስጪኝ ሰአዳ።»

«መንገድ ላይ ወድቆብኛል» አልኩ። ጭብጤ ውስጥ ነበር።

«የሞተው ገብሬ ነው ልጄ፤ እነሱ አይደሉም።»

«ወድቆብኛል።»

«ቀጥቃጭ እጅ የገባ ብረት ይወጣል ብለህ ነበር?» አለ የኔሰው ለደሳለ። ከውስጥ አንዲት ሴት «በልተውታል» ስትል ሰማሁ። በኮሌጅ ዲፕሎማዬ የማስተምራቸው ልጆች እናት ናት። እኛ ብንሰጣቸውም ቡዳ ነን፤ ብንከለክላቸውም ቡዳ ነን። ታዲያ ለምን እሰጣለሁ?

ገብረ ሊባኖስ ያለ ተኩስ ተቀበሩ። አባቴ ከቅንጭቡ ወዲያ ቆሞ ብቻውን አለቀሰ።

ብልባላ ስንመለስ አባቴ ወናፉ ዘንድ ተቀምጦ፣ ብረት የሌለበትን እሳት ጥቂት ነፋ።

«ይዘሽዋል፣ አይደል?»

ጭብጤን ጠበቅ አደረግሁ።

«እነሱ መቆሙን ከለከሉኝ። ለወዳጄ ማስተኮሱን የከለከልሽኝ አንቺ ነሽ።»

መርፌው ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ለደሳለ አልመልስም። አባቴም ዳግመኛ አልጠየቀኝም።