ጣት ማውሱ ላይ እያለ

ከቅዳሜው ጠረጴዛ የተባረርኩት መጨረሻውን ስለተናገርኩ ነው። ስሰርቅ አልተያዝኩም፤ ሰውም አልሰደብኩም። ደህና፣ ትንሽ ተሳድቤ ይሆናል። የተባረርኩት ግን በዚያ አይደለም።

ጠረጴዛው ያለው ሪቨርተን በምትባለው የባሕር ዳር ከተማችን፣ የሽማግሌዎቹ የቦውሊንግ ክበብ ጓዳ ውስጥ ነው። እዚያ ካርታ አይታደልም። ሁላችንም ፖከር የምንጫወተው በየቤታችን፣ በኢንተርኔት፣ ባለ አምስትና ባለ አስር ሳንቲሙ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የምንገናኘው የተጫወትነውን ለመመርመር ነው። አንዱ ያስቸገረውን ጨዋታ ይተርካል፤ ምን እንደያዘ፣ ማን ከፊቱ እንደነበረ፣ መሀል ላይ ምን ካርታ እንደወጣ። ጣቱ ማውሱ ላይ አርፎ ሊወስን ያለበት ቦታ ሲደርስ አፉን ይዘጋል። ከፈለ ወይስ ጣለ፣ በላ ወይስ ተበላ፣ አይነገርም። የቀሩት ይከራከሩበታል። መጨረሻውን የሰማ ሰው አያስብማ፤ ሁሉም ጠቢብ ይሆናል። አንዴ መጨረሻው ከአፉ ያመለጠው የሁሉንም ስኒ ያጥባል። ሦስቴ ያመለጠው ወንበሩን ያጣል።

እኔ በአንድ ወር ሦስቴ አመለጠኝ። ሁለት አስ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን እጅ ይዤ፣ አንድ ገልቱ በመናኛዎቹ በሰባትና በሁለት ሲያራግፈኝ ዝም እንድል የሚጠብቅ ሰው ተዘርፎ አያውቅም ማለት ነው።

ሕጉን ያወጣው ታማቲ ነው። ይህን ታማቲ ቢላ መያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቄራ ሲቀጠር ሞረዱን ከዱላ አይለይም ነበር። ስለቱን እንዴት እንደሚያሳርፍ፣ አንጓውን በጉልበት ሳይሆን በጫፍ እንዴት እንደሚፈታ፣ ሁሉንም ከእኔ ነው የወሰደው። ኋላ የመስመሩ አለቃ የሚመረጥበት ቀን ሥራ አስኪያጁ ሁላችንን ሰብስቦ ልጁን አመሰገነና እንዲህ ያለ እጅ ከማን ተማርክ ብሎ ጠየቀው። አጠገቡ ቆሜአለሁ። ታማቲ ቦት ጫማውን ተመለከተ እንጂ ቃል አልወጣውም። አለቃ ሆነ። ሰው ሲቀነስ ደግሞ መጀመሪያ የተቀነስኩት እኔ ነኝ። ይህን ታሪክ ሪቨርተን ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም፤ ሰሚው ሲሰለች አይቻለሁ፣ ግን እውነት ነው።

ከጠረጴዛው ከወጣሁ በኋላ ክረምቱን ለብቻዬ ተጫወትኩ። አልሰነፍኩም። ከሚደርሰኝ ካርታ አብዛኛውን ሳላቅማማ መጣል ለመድኩ። መጨረሻ የሚነገርበት፣ የሌሎቹን አይቶ የሚወሰንበት ወንበር ላይ ካልሆንኩ በቀር ደካማ ካርታ ይዤ አልገባም። ስናደድ ላፕቶፑን እዘጋለሁ፤ ዘግቼ ጓሮ ወጥቼ እንጨት እፈልጣለሁ፤ ክምሩ ከአጥሩ በላይ ሆነ። አልከሰርኩም፣ ግን አልተሻሻልኩም። ለብቻ መማር በመስታወት እያዩ የራስን ፀጉር እንደመቁረጥ ነው፤ ማጅራትህን አታየውም። ያ ወንበር ያስፈልገኝ ነበር። ደግሞም ኔቭ ከቄራው ተባረረ፣ ሚስቱ ጥላው ሄደች፣ ይኸው ከሳንቲም ቁማር እንኳ ተባረረ እያሉ በየሱቁ እንዲተርቱብኝ አልፈለግሁም።

ዱጋልድ ጋ ደወልኩ። የጠረጴዛው ሰው፣ የወደብ ጀልባ ይነዳ የነበረ ሽማግሌ ነው፣ ምላሱ እንደ መርፌ። ከታማቲ ጋር ተማክሮ መለሰልኝ። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ጨዋታ። አንዲት ቃል ካመለጠችኝ ዳግመኛ ደጁን አልረግጥም። የቺዝ ጥቅል፣ ያን ቺዝ በዳቦ ጠቅልለው የሚጠብሱትን፣ ይዤ እንድመጣም አዘዘኝ፤ ቅቤው እንዳይሰሰት አለ።

ሄድኩ። ነፋሱ ከባሕሩ እየመጣ የክበቡን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ታማቲ ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ እንደ ድሮው “አጎቴ” አለኝ። በታማቲ ወገኖች ወግ ታላቁን ሰው እንደዚያ ነው የሚጠሩት። እኔ ግን ያ ቃል ያሳክከኛል።

ጨዋታዬን ተረኩ። ተቃራኒዬ ስክሪኑ ላይ ከስሙ ጎን ያለው ሥዕሉ ጉጉት ስለሆነ ጉጉት ነው የምለው። ቁጥብ ተጫዋች ነው። ከመጀመሪያው ወንበር ጨመረ። እኔ መጨረሻ ተናጋሪ ነኝ፤ አስና ንግሥት ይዣለሁ፤ ተከተልኩት፣ ሌሎቹ ጣሉ። መሀል ላይ ንግሥት፣ ስምንትና አራት ወጣ። መደበ፤ ከፈልኩ። አራተኛው ካርታ ሁለት ሆኖ ወጣ። አብዝቶ መደበ፤ ከፈልኩ። በመጨረሻ ሌላ ስምንት ወጣ፤ ጉጉት ያለውን በሙሉ ገፋው።

“ጣቴ ማውሱ ላይ ነው” አልኩና አፌን ዘጋሁ።

ዱጋልድ ያለጥርጥር ይከፈላል አለ። ጉጉት ንጉሥና ንግሥት ይዞ ቢሆንስ? የኔ አስ ይበልጠዋል። ታማቲ ራሱን ነቀነቀና ይጣላል አለ። በሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ሰው ባዶ እጁን ሦስቴ አይፎክርም አለ፤ አንዴ ይፎክራል፣ ሁለተኛው ላይ ልቡ ይርዳል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጉጉት የመጨረሻውን ከመግፋቱ በፊት ቆይቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ወዲያው ነበር የገፋው። ስምንቱ ከመውጣቱ። ይህን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። ያ ሰው ቀድሞ ወስኖ ነበር ማለት ነው፤ ስምንቱ አላስደነገጠውም፣ የኔም መክፈል አላስፈራውም። ስንት ቀን ያንን ጨዋታ ሳገላብጥ ማጅራቴ ላይ የቀረውን ታማቲ በአንድ ጥያቄ አሳየኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያናደደኝ ከእሱ መምጣቱ ነው።

ተከራከሩ። ድምፃቸው ከፍ አለ። አፌ ውስጥ ያለችው አንዲት ቃል ከሁለቱ አንዱን ታሳፍራለች። ምላሴን ነክሼ ያዝኩ። ሻይዬን ደጋግሜ አማሰልኩት፤ ስኒው ይንቃጨላል።

ዱጋልድ አየኝና ጥቅሉን እያላመጠ “ለማንኛውም ከፍሏል” አለ። “ኔቭ መቼ ጥሎ ያውቃል? ሚስቱን እንኳ አልጣለም፤ የጣለችው እሷ ናት።”

ታማቲ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ጠልቶ አቀረቀረ። እኔ ሻይዬን እስከ አተላው ጨለጥኩት።

ሲበቃቸው ዱጋልድ ሰዓቱን አየ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሴን ስኒ ይዤ እንድመጣ ነገረኝ፤ የድሮውን ሰብሮታል። ወንበሬ ተመለሰ ማለት ነው። ማንም እንኳን ደስ ያለህ አላለኝም።

ወደ መኪናዬ ስሄድ ታማቲ ከኋላዬ መጣ። ነፋሱ ጃኬቱን ያራግበዋል። ዞር ብሎ የክበቡን በር አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“አጎቴ፣ ከፈልክ ወይስ ጣልክ?”

ሕጉን ያወጣው ሰው ነው የሚጠይቀኝ። ይፈትነኝ እንደሆነ፣ ወይስ የምሩን አላስተኛው ብሎት እንደሆነ ፊቱ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁበት ሰው አሁን እንደ ልጅ በእግሩ ጠጠር እየመታ ቆሟል።

“ልንገርህ” አልኩት። “መጀመሪያ ግን አንተ ንገረኝ። ያን ቀን ሥራ አስኪያጁ ከማን ተማርክ ሲልህ ለምን ዝም አልክ?”

ጠጠሩን መምታት ተወ። ቦት ጫማውን ተመለከተ፤ ያው የድሮው አንገት አደፋፍ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሊናገር ነው ብዬ የመኪናዬን በር ይዤ ጠበቅሁ። የምሰማው ነገር ይቅርታ ይሁን ስድብ አላውቅም፤ ለሁለቱም መልስ ለዓመታት አዘጋጅቼ ነበር።

“ቅዳሜ በጊዜ ና” አለኝ። “እኔም አንድ ያስቸገረኝ ጨዋታ አለኝ።”

“እመጣለሁ።”

እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልነገርኩት። ሆድ ይፍጀው።

ቤት ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። ከወጥ ቤት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ወጥ ቤት። የተፈለጠውን እንጨት እንደገና ደረደርኩ። ታማቲ ያን ቀን ምን ያውቅ ነበር? ሥራ አስኪያጁ ምን ብሎት ነበር፣ የታማቲ ሚስት ስንተኛ ልጇን አርግዛ ነበር? መጨረሻውን ትቼ ከመጀመሪያው ልተርከው ሞከርኩ፤ ጫማው ላይ ስደርስ ይቆምብኛል።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጉጉት ተቀምጧል፤ ከግራው ያለው፣ እሱን አይቼ የምወስንበት ወንበር ባዶ ነው። ተቀመጥኩ። ካርታው ገና ሳይታደል ጣቴ ማውሱ ላይ ይቁነጠነጣል።