የሚካ ጨርቅ

ኒካሬቴ ከብራውሮን ቤተ መቅደስ ደጃፍ ስትደርስ ቆም አለች። ከጎኗ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጇ ሚካ አለች። የሚካ እጮኛ እናት ሊሲላ ጨርቁን በቅርጫት ይዛ ከፊት ከፊት ትሄዳለች።

ልጃገረድ የመጀመሪያ ደሟን ስታይ ደሙ የነካው ጨርቅ ለእንስቷ አምላክ ለአርጤምስ ይሰጣል፤ የምትዳረው ከዚያ በኋላ ነው። ሊሲላ ባለፈው ወር "ልጅቷ ካልደረሰች ለልጄ ሌላ እፈልጋለሁ" ብላ ነበር። ኒካሬቴ እንዲህ ያለ ቤት እንዳያመልጣት ሰጋች። ለበዓል ከታረደው የአሳማ ግልገል ደም ጨርቅ ነክራ "ደርሳለች" አለች። ሚካም ዝም እንድትል ተነገራት። ኒካሬቴ ግን ውሸቷ እንስቷ አምላክ ፊት ድረስ ይመጣል ብላ አላሰበችም።

ውስጥ ግድግዳው ላይ ቀሚሶች ተሰቅለዋል። በስተቀኝ ያሉት በሰላም የተገላገሉ ሴቶች ስጦታ ናቸው፤ በስተግራ ያሉት ደግሞ በምጥ የሞቱት ሴቶች ልብሶች ናቸው። የሟቾቹ ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው። ለሚካ ልክ ይሆናሉ።

"እማዬ" አለች ሚካ በሹክሹክታ፣ "አርጤምስ የአሳማ መሆኑን አታውቅም?"

"ዝም በይ!"

ሊሲላ ዘወር አለች። "ምነው፣ ሙሽራዬ ፈራች እንዴ? ልጄ እኮ አይናከስም! ሚስቱን የሚፈራ ነው የሚሆነው፣ እንደ አባቱ።" ብቻዋን ሳቀች።

"እትዬ ሊሲላ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች ኒካሬቴ ዓይኗን ከአጫጭሮቹ ቀሚሶች ሳትነቅል። "ልጄ አልደረሰችም። ጨርቁ ላይ ያለው የአሳማ ደም ነው።"

ሊሲላ አልጮኸችም። የቤተ መቅደሱ ሴት ካህን ራቅ ብላ መቆሟን አየችና ድምጿን ቀነሰች።

"ታዲያ ምን ይሁን? የእኔስ የዶሮ ነበር።"

"የእርስዎ?"

"እናቴ ናት ያደረገችው። አስቀምጪውና እንሂድ፣ አንቺ ደግሞ!"

"ከዚያስ ምን ሆኑ?"

"ምን እሆናለሁ? ይኸው አለሁ አይደል? ወልጄ..." ዓይኗ ወደ ግራው ግድግዳ ሄዶ ተመለሰ። "የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቀበርኳቸው። ልጅ ነበርኩ እኮ።"

ኒካሬቴ ጨርቁን ከቅርጫቱ አነሳችና አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ወሸቀችው።

"ልጄ አይጠብቃትም፣ ልብ በይ" አለች ሊሲላ፤ ድምጿ ግን ቁጣ አልነበረበትም። "ዘንድሮውኑ ሌላ ያገባል።"

"አውቃለሁ።"

በመንገድ ላይ ኒካሬቴ ለባሏ የምትነግረውን ስታሰላስል ሚካ እጇን ያዘቻት።

"እማዬ፣ ሰርጉ በእኔ ምክንያት ነው አይደል የቀረው?"

"የለም ልጄ፣ በእኔ ነው።"

ሚካ ያመነቻት አይመስልም። ቤት እስኪደርሱ አንገቷን እንደደፋች ሄደች።