ያልተቆጠረው ጠባቂ

ዋና ነርሷ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። "አንቺ ልጅ፣ ስክሪኑን ዛሬ ምን ነካው? የበሽተኛው ልብ ከመታ በኋላ ቆይቶ ነው የሚያሳየኝ።"

"እያየሁት ነው፣ ሲስተር።"

"ቶሎ በይ እንግዲህ!" ብለው ወጡ።

እያየሁት አልነበረም፤ እየፈራሁት ነበር። የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የምጠብቀው እኔ ነኝ። የአሥራ ሁለት አልጋ የልብ ምት በአንድ ማሽን በኩል ወደ ነርሶቹ ክፍል ይሄዳል፤ አንዱ ልብ ምቱን ሲስት የሚጮኸውም ያው ማሽን ነው። ሰባተኛው አልጋ ላይ፣ ትናንት ልቧን ቀዶ ጥገና የተደረገላት እናቴ ተኝታለች።

የማሽኑ ሚሞሪ ሊሞላ ነው። ሚሞሪን የሥራ ጠረጴዛ በሉት። ሲጣበብ ማሽኑን የሚያስተዳድረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለጊዜው የማይፈለገውን አንስቶ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲፈለግ ይመልሰዋል። የሲስተር ስክሪን የተንቀራፈፈው በዚህ ምክንያት ነው። ዲስክ ላይ ያለው ቦታም ካለቀ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ሌሎቹ እንዲተርፉ ብሎ ብዙ ቦታ የያዘውን ፕሮግራም ይገድላል።

በላተኛውን ፍለጋ ገባሁ። ማን ስንት ሚሞሪ እንደያዘ ሌት ተቀን የሚመዘግብልኝ፣ እኔው የጻፍኩት ጠባቂ ፕሮግራም አለ። የዝርዝሩን ሁሉ ደመርኩ። ከሚሞሪው ግማሽ አይበልጥም። ደግሜ ደመርኩ፤ ያው ነው። የቀረው የት ገባ? ማሽኑን አጥፍቼ እንዳላስነሳው አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ለእናቴ ልብ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው። ለሲስተር እንዳልናገር አፈርኩ። ስፈራ ስቸር ሩብ ሰዓት ሄደ።

ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። የተገደለው የልብ ምቱ ፕሮግራም ነው።

ስልኩን አነሳሁ። "ሲስተር፣ ማንቂያው ሞቷል! በየአልጋው ሰው ያቁሙ፣ ምታቸውን በእጅ ይቁጠሩ!"

"አንቺስ? ወደ እናትሽ አትሮጪም?"

እግሬ ተነስቶ ነበር። ሰባተኛው አልጋ ከኮሪደሩ ማዶ ነው። ግን እኔ ከሄድኩ ፕሮግራሙን ማን ያስነሳዋል? "እጇን እርስዎ ይያዙልኝ" አልኩና ተቀመጥኩ።

ዝም ብዬ ባስነሳው መልሶ ይገድለዋል፤ በላተኛው አልወጣማ። ያኔ ገባኝ። ዝርዝሩ ላይ የሌለ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፦ የራሴ ጠባቂ። ስጽፈው "ራሱን አይቁጠር፣ ዝርዝሩን ያጣብብብኛል" ብዬ ነበር። ይባስ ብዬ፣ በሥራዬ ኮርቼ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን "ይሄንን እንዳትነካብኝ" ብዬ አዝዣለሁ። ጠባቂው ደግሞ የመዘገበውን ሁሉ አንዱንም ሳይለቅ ሁለት ወር ሲያከማች ከርሟል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው።

አጠፋሁት። የልብ ምቱን ፕሮግራም አስነሳሁ። አረንጓዴዎቹ መስመሮች አንድ በአንድ መጡ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛው፣ ስምንተኛው። ሰባተኛው የለም። አምላኬ፣ እኔን ቅጣኝ እንጂ እሷን አትንካ አልኩ። መጣ።

ሮጬ ሄድኩ። ሲስተር አሁንም የእናቴን እጅ እንደያዙ ነበሩ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

"መጀመሪያ እናትሽን እይ፤ ቁጣው ይደርሳል" አሉና ቦታውን ለቀቁልኝ።

እማዬ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። "ሥራሽን ጥለሽ መጥተሽ እስካሁን እጄን ያዝሽልኝ አይደል? ታውቆኛል እኮ።"

ሲስተርን አየኋቸው። ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"አዎ፣ እማዬ" አልኳትና ያን ጊዜ እጇን ያዝኩ።